ጎማ ላይ የቆመው ባሕር

ደሴ ከተማ ላይ ባሕር የተከልኩት እኔ ነኝ። አትሳቁ። ጦሳ ተራራ ሥር፣ ሰው በመስከረም ጋቢ ደርቦ በሚወጣበት አገር፣ ከሩቅ ዓይን የሚወጋ ሰማያዊ ባሕር አቁሜያለሁ። መርከብ አልነበረውም እንጂ ዋናተኛ ነበረው። ያፈሰስኩትም እኔው ነኝ። ይሄን ሁለተኛውን ግን ሁሉም ሰው ያምነኛል።

ስሜ ሙሉጌታ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ መጥታችሁ ሙሉጌታ ብትሉ ግን ማንም አያውቀኝም። ባሕሩ በሉ። የሠርግ ጥሪ እንኳ «ለአቶ ባሕሩ ከነቤተሰብዎ» ተብሎ ነው የሚደርሰኝ። ባለቤቴ ድሮ ትናደድ ነበር፤ አሁን እሷም ባሕሩ ትለኛለች፣ በተለይ ጣሪያው ሲያፈስ።

ባለፈው ዓመት ወገቤ እምቢ አለኝና ጎማ ቤቱን ለልጄ ለትዕግሥት ለቀቅኩላት። አዎ፣ ሴት ልጅ ጎሚስታ ናት። የከባድ መኪና ጎማ ስትፈታ ብታዩዋት ትደነግጣላችሁ፤ ያስተማርኳት እኔ ነኛ! የዛሬው ጎማ ካላማዳሪያ የለውም፤ አንድ ወስፌ የመሰለ ነገር ይወጉበትና ያበቃል። እኔ ጌታ የሆንኩበት ሙያ ደግሞ ያንን የውስጡን ላስቲክ መጠገን ነበር። ጌታ ነበርኩ ስል ማጋነኔ አይደለም፤ ከወልድያ እስከ ሸዋ ሮቢት የኔን ጥገና ያልተሸከመ መኪና አልነበረም።

ሹፌሮቹ መሰናበቻ ደገሱልኝ። በግ ታረደ፣ ንግግር ተደረገ። በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ ሹፌር ተነሥቶ ያቺን የድሮ ቀልዴን አወራት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን እራቴን መብላት አቃተኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ሰዉ የሚያወራው የታሪኩን የሚያስቀውን ግማሽ ነው። የሚያስቀውን ግማሽ ደግሞ ያሠራጨሁት እኔ ነኝ። እንግዲህ ሌላው ግማሽም ይነገር ብዬ ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ አያ እንድሪስ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። ኮምቦልቻ፣ ፈረንጆች የሚኖሩበት ካምፕ ጋራዥ ውስጥ የጎማ ክፍል አለቃ ነበሩ። አለቃ ስል የሚያዙት እኔን ብቻ ነው። ትምህርት ቤትን እኔ የማውቀው በደጃፉ ሳልፍ ነው። ፊደል የለየሁት ጎማ ጎን ላይ ከተጻፈው ስለሆነ የፈረንጁን ከአማርኛው አስቀድሜ አወቅኩ። ይሄም አይታመንም፤ ግን እውነት ነው።

አያ እንድሪስ ሲሠሩ ማየት ነበር። ካላማዳሪያውን በሞረድ ይፍቁታል፣ ማስቲሹን ይቀቡታል፣ ከዚያ ቁጭ። ሌላው ጎሚስታ ወዲያው ይለጥፋል። እሳቸው በጣታቸው ጀርባ ነካ እያደረጉ፣ ከንፈራቸው ዱዓ እያንሾካሾከ፣ ማስቲሹ ጣታቸውን መያዝ እስኪተው ይጠብቃሉ። ሲለጥፉ ቢስሚላህ ብለው ነው። ከዚያ ነፍተው ውሃ ውስጥ እየነከሩ በዓይናቸው ሳይሆን በጆሯቸው ይፈትሹታል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ልክ ሰው ምሥጢር እንደሚነግራቸው። ሁሉ ነገር ደህና ከሆነም በኋላ አይሰጡም። «ይደር» ይላሉ። እንደተነፋ ያድራል፤ ጠዋት ልክ እንደ ማታው ከሆነ ባለቤቱ ይወስደዋል።

«ኧረ በአላህ አያ እንድሪስ፣ የጫንኩት ሙዝ ነው፣ ይበሰብስብኛል!» ይላል ሹፌሩ።

«ሙዙ ይበስብስ። አንተ ገደል ገብተህ ከምትበሰብስ።»

እኔ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነበርኩ። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ሐርቡ ላይ ጎማው ፈነዳ፤ ትርፍ የለ፣ ካላማዳሪያ የለ። እኔ ተሳፋሪ ነበርኩ። ከገበሬ ማሳ ጭድ ለመንኩ፣ ጎማው ውስጥ በእግሬ እየረገጥኩ ጠቀጠቅኩት፣ ኮምቦልቻ ገባን። ተሳፋሪው አጨበጨበልኝ። አንዲት እናት ግንባሬን ሳሙኝ። እየሮጥኩ ሄጄ ለአያ እንድሪስ ነገርኳቸው።

«አጀብ» አሉ። ከዚያ ቀጥለው፣ «መድረስህ ጥሩ። እኔን የሚያስፈራኝ ግን አሁን አንተ ጭድ ሁልጊዜ የሚሠራ ይመስልሃል።»

ቀኑብኝ አልኩ በልቤ። ብዙም ሳልቆይ ደሴ፣ ሆጤ ላይ የራሴን ጎማ ቤት ከፈትኩ። ከበሩ ጎን ያረጀ ጎማ እንደ ግንብ ከምሬ፣ ላዩ ላይ ተቀምጬ ሰው እጠራ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ትልቁ ድርቅ ከመምጣቱ በፊት። ለመስከረሙ የአብዮት በዓል ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። የወጣቶችን ጉዳይ የያዘ ጓድ ደምሰው የሚባል ካድሬ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጥድፊያ ነው የገደለው። ወጣቱ ሲዋኝ ለእንግዶቹ ማሳየት አለብን ብሎ ተነሣ። ደሴ ላይ ማን ይዋኛል? ቦርከናን ለመሻገር ሱሪ መጠቅለል ይበቃል እኮ! ግን ኮምቦልቻ ካምፑ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ እንዳለ ሰምቷል፤ ሁለት እንዳለ ሰምቷል። ላስቲክ ነክ ነገር ስለሆነም ጎሚስታ ይጠራ ተባለ፤ እኔ ተጠራሁ።

ይሄ ገንዳ መሬት ተቆፍሮ የሚሠራው አይደለም። ከመሬት በላይ የሚቆም ነው። ቁመቱ ደረት የሚደርስ ክብ የላሜራ ግድግዳ፣ ጫፍና ጫፉ በቡሎን የሚገጠም፣ ውስጡ ወፍራም ሰማያዊ ላስቲክ የሚነጠፍበት። ትልቅ ድስት በሉት።

አንደኛው አሮጌው ነው፤ መጀመሪያ ካምፑን የሠሩት ፈረንጆች ሲዋኙበት ኖረው ጥለውት የሄዱት። ሥሩ ዝጓል፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ሰፍተዋል፣ ላስቲኩ ላይ የአያ እንድሪስ ጥገና እዚህም እዚያም ይታያል። ሁለተኛው ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ አዲስ ነው፤ ከነሳጥኑ፣ ሚስማሩ እንኳ አልተነቀለም።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሦስታችን ቆመናል፤ ጓድ ደምሰው፣ አያ እንድሪስና እኔ።

«እርስዎ ምን ይላሉ?» አላቸው ጓድ ደምሰው።

አያ እንድሪስ አሮጌውን ላሜራ በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ ኳ እያደረጉ ዞሩት፣ ጆሯቸውን አስጠግተው። «ይሄን እወስዳለሁ።»

«የዛገውን?»

«ዝገቱ እዚህ ጋ ነው፣ ሬንጅ እቀባዋለሁ። ቀዳዳው እዚህ ጋ ሰፍቷል፣ ሰፊ ሮንዴላ አገባበታለሁ። ላስቲኩ የት እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ስንት ክረምት ውሃ ይዞ አድሯል። አዲሱ ክፉ ነው አላልኩም፣ ከዚህ ይሻል ይሆናል። ግን ገና አልተዋወቅንም። መተዋወቅ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።»

«በዓሉ ጊዜ የለውም» አለ ጓድ ደምሰው። «ደግሞስ ኢምፔሪያሊስት ያረጀበትን ዕቃ ለአብዮት በዓል? አንተስ ጎበዝ? ምን ትላለህ?»

እኔ ምን ልበል። ደረቴን ነፋሁ። «አዲሱ ነው እንጂ! ለሕዝብ በዓል የተጣፈ ይቀርባል? ስጡኝ፣ እኔ አቆመዋለሁ። ጎማ የሚያቆም ሰው ድስት ያቅተዋል?»

ጓድ ደምሰው ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። አያ እንድሪስ አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። የውሃ ልክ መለኪያ ቱቧቸውን ከመስቀያው አውርደው ሰጡኝ። «ሁለት ነገር፣ ሙሌ። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከፍ ያለውን ቁረጥ እንጂ ዝቅ ያለውን አትሙላ። ውሃ ሞልቶ ሳያድር ደግሞ ሰው አታስገባ።» ከካምፑ ዕቃውን ያወጡት እሳቸው ስለነበሩ፣ በሥራው ኃላፊነትም የተያዘው የሳቸው ስም ነው።

ቦታው ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ለጥ ያለ የሚመስል ግን ወደ ታች የሚንሸራተት ሜዳ ነበር። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ አፈሩ እንደ ገንፎ። ከፍ ያለውን ልቆርጥ ዶማ ባነሣ ሥሩ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። የቀበሌው ወጣቶች ሲቆፍሩ ውለው አንድ ክንድ አልወረዱም። ጓድ ደምሰው በየሰዓቱ እየመጣ «የት ደረሳችሁ?» ይላል። ያኔ ነው ያ የተረገመ ሐሳብ የመጣልኝ።

ጎማ አለኝ! የተከመረ ጎማ! ጭነት ተሸክሞ አፋር በረሃ ደርሶ የተመለሰ ጎማ! ከሆጤ አስመጣሁት፣ በዝቅተኛው በኩል ደረደርኩት፣ ውስጡን አፈር ሞላሁት፣ ላዩን አፈር አለበስኩት። በአያ እንድሪስ ቱቦ ስለካው ልኩ ቀጥ ያለ ነበር። ወላሂ፣ መስተዋት ነበር። ሰዉን ሁሉ እየጠራሁ አሳየሁ። «ይሄን ፈረንጅም አላሰበውም» አልኩ።

ውሃው ከሰፈሩ ቧንቧ ነው የተሞላው። እናቶች ባልዲና ጀሪካን ይዘው ይመጣሉ፤ የቀበሌው ጥበቃ «ባሕሩ እስኪሞላ ጠብቁ» እያለ ይመልሳቸዋል። ባሕሩ የሚለው ስም የወጣው እዚያ ነው፤ መጀመሪያ የገንዳው ነበር፣ በኋላ ለኔ ተረፈ። የቧንቧው ውሃ ቀጭን ስለሆነ የሞላው በበዓሉ ዕለት ጠዋት ነው። ማደር የሚባል ነገር አልነበረም።

አያ እንድሪስ ከኮምቦልቻ የደረሱት ሰዉ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ሰላምታ ሳይሰጡኝ ገንዳውን ዞሩት። በታችኛው በኩል ሲደርሱ ተንበረከኩ። አፈሩ ተሸርሽሮ አንድ ጎማ አፉን አውጥቷል።

«ሙሌ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጎማ ነው አያ!»

«ጎማ መሆኑንማ አየሁ። እዚህ ምን ይሠራል?»

«ተሸክሞልኛል።»

«ነፋስ አለው?»

«አፈር ሞልቼዋለሁ።»

በዱላቸው ነካ አደረጉት። «አንተ ልጅ፣ ጎማ መቼ ተሸክሞ ያውቃል? የሚሸከመው ነፋሱ እኮ ነው።»

ይሄን ማንም ጎሚስታ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር። በሥራዬ የመጀመሪያ ቀን ያስተማሩኝ እሱን ነው።

ወደ ጓድ ደምሰው ሄደው ውሃው ይልቀቅ አሉት። «አሁን? የእንግዶቹ መኪና ሆቴሉን አልፏል እኮ!» አለና ፊቱን አዞረ። አያ እንድሪስ ተመልሰው በታችኛው በኩል የቆመውን ሰው፣ የተማሪውን ሰልፍ፣ ሕፃን ያዘሉትን ሁሉ፣ በዱላቸው እየነካኩ «ይሄ የእንግዶች ቦታ ነው፣ ዞር በሉ፣ ወደ ላይ ውጡ» እያሉ ማስነሣት ጀመሩ። ሰዉ አጉረመረመ። አንዷ ሰደበቻቸው። ያም ሆኖ አንድ ሰው ሳይቀር አስነሡት።

እንግዶቹ ገቡ። ምጽዋ ባሕር ኃይል የነበረ አንድ ሰው በቁምጣ ቆሞ በደሴ ብርድ ጥርሱ ይንገጫገጫል። «ዝለል!» ተባለ፣ ዘለለ። ተጨበጨበ። ውሃው ተናወጠ፣ ወደ ታችኛው በኩል ተጋደመ፣ ጎማዎቹ እንደ ትራስ ሰመጡ፣ ላሜራው እንደ ቀበቶ ታጠፈ። ከዚያ ቡሎኖቹ ተራ በተራ፦ ጠው! ጠው! ጠው! አብዮት ጠባቂዎቹ ተኩስ መስሏቸው መሬት ላይ ተኙ። ባሕሩ ሄደ። ባሕር ኃይሉ አብሮ ቁልቁል ሄዶ ግራዋ ሥር ቆመ፤ ተነሥቶ ለእንግዶቹ ሰላምታ ሰጠ። የሚያስቀው ግማሽ ይሄ ነው። ሳቁ፣ ግዴለም።

ውሃው በሄደበት፣ ተማሪዎቹ ቆመውበት በነበረው ቦታ ላይ፣ የላሜራው ግማሽ እንደ ማጭድ ተጣምሞ ተኝቷል። ያንን አይታችሁ ብትሆኑ አትስቁም ነበር።

ጓድ ደምሰው ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። «ዕቃው ነው ወይስ ሥራው?» አለ። ማን ይመልሳል? ዕቃው ነው ብትል ወዳጅ አገር መስደብ ነው። ሥራው ነው ብትል አሻጥር ነው። ያኔ ከሰዉ መሀል አንዱ ጮኸ፦ «ሽማግሌው ቀድሞ ሰውን አስነሥቷል! ያውቅ ነበር!»

ነገሩ እዚያ ላይ ዞረ። ሰው ያዳኑበት ሥራ ማስረጃ ሆነባቸው። ጠባቂዎቹ ግራና ቀኝ ያዟቸው። ጓድ ደምሰው ወደ ኔ ዞረ። «ተናገር! ይሄ ሰው እንዴት አስቀድሞ አወቀ?»

መልሱ ቀላል ነበር። «የኔን ጎማ አይተው ነው» ማለት ነበረብኝ፣ አለቀ። ሰዉ ሁሉ አፌን ያያል። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? በመሰናበቻዬ ቀን ቤቱን በሳቅ ያፈረሰው ይሄ ነው፦

«ጓድ፣ እኔ የምጠየቀው ነፋስ ሲወጣ ነው። ይሄ የወጣው ውሃ ነው።»

ሰዉ ፈነዳ። ጠባቂዎቹ ሳቁ። ከእንግዶቹም አንዱ ፈገግ አለ። እኔ በሳቁ ውስጥ ተሸሽጌ አመለጥኩ።

አያ እንድሪስ አላዩኝም። ለጓድ ደምሰው ብቻ፣ «ልጁ እውነቱን ነው፣ ሙያው ነፋስ ነው» አሉት። «ዕቃውም ደህና ነው። የሥራው ኃላፊ እኔ ነኝ።»

«ሂድ፣ አንተ አሻጥረኛ!» አላቸው። ዕቃ ቤቱ ውስጥ እርስዎ ሲላቸው የነበረው ሰውዬ ነው።

በመስከረም እስር ቤት የገቡ፣ የገና በዓል ካለፈ በኋላ ነው የወጡት። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ስንቅ ይዘው ከኮምቦልቻ ሲመጡ በጎማ ቤቴ በኩል ያልፋሉ። ብርቱካን ገዝቼ እሰጣቸዋለሁ፣ እስከ ማዕዘኑ እሸኛቸዋለሁ።

«አንተ አትገባም ልጄ? ይጠይቁሃል እኮ።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው እትዬ።»

«አብሽር» ይሉኛል። እኔን ያጽናኑኛል! ያቺ አብሽር ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለች።

የተፈቱ ቀን ኮምቦልቻ ከመውረዳቸው በፊት ሆጤ መጡ። ከስተዋል፣ ጺማቸው ነጥቷል። እግራቸው ላይ ልወድቅ ተነሣሁ፤ በክንዴ ያዙኝ።

«ጎማዎቹን አወጣሃቸው?»

«የትኞቹን?»

«ቧንቧ ውሃ ያሉትን። ልጆች ይጫወቱበታል፣ ይናድባቸዋል።»

አላወጣኋቸውም ነበር። በዚያ በኩል ማለፍ እንኳ ትቼ ነበር። ሁለታችን ሄደን እየቆፈርን አወጣናቸው፤ ሰፈሩ እያየ። ስለ ነፋስና ውሃ አንድ ቃል አላነሡም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም። አንሥተው ቢሰድቡኝ ኖሮ ይሄን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ከዚያ ድርቁ መጣ። እሱን ያየ ያውቀዋል፤ እኔ አላሳምረውም። ኮምቦልቻ ዳርቻ ላይ መጠለያ ተሠራ፤ ሰዉ ከየገጠሩ ፈለሰ። ቦቴ ውሃ ያመጣል፣ ማስቀመጫ ግን የለም፤ ቦቴው ለብዙ ጣቢያ የሚዞር ስለሆነ ቆሞ አይጠብቅም። አዲሱ ገንዳ በኔ ጎማ ላይ ተጣምሞ ቀርቷል፤ አያ እንድሪስ አሮጌውን አስታወሱ። አስጠሩኝ።

ከፍ ያለውን ቆረጥን። ድንጋዩን በእጃችን ለቀምን። ሬንጁን ቀባን፣ ሰፋፊ ሮንዴላ አስገባን፣ ላስቲኩን ጠገንን። ማስቲሹ እስኪደርቅ በጣቴ ጀርባ ነካ እያደረግኩ ስጠብቅ አይተው፣ ሞረዳቸውን አንሥተው ወደ ሌላው ቀዳዳ ሄዱ። ቦቴው ገለበጠ፣ ሞላ። ሰዉ ቅል፣ ጣሳ፣ ያገኘውን ይዞ ቆሟል።

«ይደር?» አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አፈርኩ።

«ዛሬ አያድርም» አሉ። «ይሄ ስንት ክረምት አድሯል። ቅዳ።»

ከዚያ ሄደው በዝቅተኛው በኩል ጀርባቸውን ላሜራው ላይ ደግፈው ቆሙ። ቀን ሙሉ። ግድግዳው ቢንቀሳቀስ መጀመሪያ እሳቸው ጀርባ ላይ ነው። አልተንቀሳቀሰም። ያ አሮጌ፣ የዛገ፣ የተጣፈ ገንዳ ድርቁ እስኪያልፍ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም።

ግን አይበቃም ነበር። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ያልቃል፤ ቦቴው የሚመለሰው በማግሥቱ ነው። የሰልፉ ጫፍ ሳይደርስ ላስቲኩ ሥር የቀረውን በጣሳ እየጫርኩ እሰጣለሁ፤ ከዚያ ጣሳው ራሱ ደረቅ ይጮኻል። ባዶ ቅሉን ይዞ ቁጭ የሚለው ሰው ብዛቱ! አንድ ቀን እንደዚያ ሲያልቅ፣ አያ እንድሪስ ሰልፉን ረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ሁለት ይሆኑ ነበር» አሉ።

ለኔ አልነበረም የተናገሩት። ግን ከኔ ሌላ የሚሰማ አልነበረም። ያን ቀን የምለው ቀልድ አጣሁ።

አታምኑኝም፤ አውቃለሁ፣ ስሜ ለዚያ የተሠራ አይደለም። ስለዚህ ሂዱ። መጀመሪያ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ገብታችሁ ባሕሩ እንዴት ፈሰሰ በሉ፤ ወንበር አምጥተው፣ እየሳቁ፣ እኔ ከነገርኳችሁ አሳምረው ያወሩላችኋል። ከዚያ ኮምቦልቻ ውረዱና፣ ያኔ ከዚያ ሰልፍ ጫፍ ላይ ቆሞ የነበረ ሰው ፈልጉ። አሉ፣ ዛሬም አሉ። ስንት ገንዳ ነበር ብላችሁ ጠይቁት።